በቀኝ በኩል ያለው በርሜል

መምህርቷ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፊታቸውን ሊታጠቡ ገብተው ቧንቧውን ከመክፈታቸው በፊት፣ ከግድግዳው ማዶ ካለው ማድ ቤት የልጃቸው ድምፅ መጣ። «ከግራው በርሜል ነው የቀዳችው፤ በቃ። መነጽር አላደረገችም፣ ጓንት አላጠለቀችም፣ ሶዳውንና ዩሪያውን መለየት አቃታት። የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው ሲጠይቀን እኔም አንቺም ከዚህ አንዲት ቃል አንጨምርም።» ምራታቸው ምን እንደ መለሰች አልተሰማም፤ የሳህን መንቋቋት ብቻ ነበር። ከዚያ እንደ ገና ልጁ፦ «እማዬ ደግሞ እንዳትሰማ። ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ ሰበብ ፈልጊና ከቤት አስወጫት። እሷ ካለች ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።» መምህርቷ እጃቸው ቧንቧው ላይ እንዳለ ቆመው ቀሩ። የዚያ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ ሰው ሲያስል ማን እንዳሳለ ይታወቃል። ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ በግድግዳው የሚመጣውን ሁሉ ሰምተው እንዳልሰሙ መሆንን ተክነውበት ነበር። ዛሬ ግን ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወጡ።

ልጃቸው ከቤቱ ጀርባ ባለው ሰፊ ክፍል ሳሙና ያመርታል። ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ውኃ ሲያገኝ ሙቀት የሚሰጥ ነገር ነው፤ ከሥሩ እሳት ሳይነድ ባልዲው እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል፤ ሳይበርድም ዘይት አይጨመርበትም። ቀድሞ አንድ ባልዲ እስኪበርድ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ይህን ጊዜ ያሳጠሩት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩት መምህርቷ ናቸው። ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ በተቃራኒው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ባልዲው በውኃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥና በገንዳው ውኃ ላይ ዩሪያ ይበተናል፤ ገንዳው ይቀዘቅዛል፣ ባልዲውም ሙቀቱን ለገንዳው ያስረክባል። ሶዳውም ዩሪያውም ነጭ፣ ድቡልቡልና ልሙጥ ፍሬ ስለ ሆኑ፣ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች አቁመው ሶዳውን በግራ፣ ዩሪያውን በቀኝ አደረጉ። በመካከላቸውም አንዲት የብረት ማንኪያ በምስማር ሰቅለው ሕግ አወጡ፦ አዲስ ጆንያ የሚገለብጥ ሰው አስቀድሞ በማንኪያዋ ውኃ ይያዝ፣ ከጆንያው ቁንጥር ይጨምርበት፣ የማንኪያዋን ጀርባ በጣቱ ይንካ፤ ከሞቀ ሶዳ ነው፣ ከቀዘቀዘ ዩሪያ ነው። «ዐይናችሁን አትመኑ፤ ጣታችሁን እመኑ» ይሉ ነበር፤ ልጃቸውም ምራታቸውም ሠራተኞቹም በዚህ ነገር ሲሥቁባቸው ቅር አይላቸውም ነበር፤ ሕጉ እስከ ተከበረ ድረስ።

ከስምንት ቀን በፊት፣ ሰኞ ጧት፣ በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ሶዳ የበጠበጠችው ቀማሚ ባልዲዋን ገንዳው ውስጥ አስቀመጠች፤ ዩሪያ ሰውን አይጎዳምና በመምህርቷ ደንብ መሠረት እንደ ዘወትሩ መነጽሯንና ጓንቷን አወለቀች፤ በጆግ ቀድታ በሞቀው ውኃ ላይ ገለበጠች። የተገለበጠው ዩሪያ ሳይሆን ሶዳ ነበር። ውኃው ባንድ አፍታ ፈልቶ ከገንዳው ዘለለና ቀኝ ጉንጯንና ቀኝ ዐይኗን አገኛት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ «አደጋው» ይባላል እንጂ ማንም ዝርዝሩን አያነሣም። መምህርቷም ለስምንት ቀን የልጃቸውን ቃል ተቀብለው፣ ጥንቁቅ ሠራተኛ እንኳ አንድ ቀን ትሳሳታለች ብለው ነበር። አሁን ግን ጥያቄ ተነሣባቸው፦ እውነት ከሆነ ቃል ማስተባበር ለምን አስፈለገ?

ቁርስ ላይ ልጁ የእናቱን ፊት ሳያይ ስለ ዘይት አወራ። አንዱ ጀሪካን በወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨምሯል፤ ነጋዴው ደግሞ ዋጋውን ሲናገር እንደ ባለ ውለታ ነው የሚስቀው። ዳቦው ደርቆ ነበር፤ ሦስቱም እያጠቀሱ በሉት። ምራቲቱ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች፣ «እማማ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እኅትዎ ዘንድ ቢሄዱስ? ሲደውሉ ሁሉ ናፈቀችኝ ይላሉ» አለች።

«እኅቴ የምትናፍቀው ቴሌቪዥኗን ነው። እኔ ስገባ ድምፁን ትቀንሰዋለች እንጂ አታጠፋውም።»

ልጁ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ከሚገባው በላይ ረዘመ። «ሂጂ እንጂ እማዬ፣ አየር ቀይሪ። እራትሽን እዚያው ብዪ፤ እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«እሄዳለሁ» አሉ መምህርቷ። ብርጭቋቸውን አጥበው ደፉ፤ ሻርፓቸውን ለበሱና ወጡ። የሄዱት ግን ወደ እኅታቸው አልነበረም።

ቀማሚዋ ከታላቅ እኅቷ ጋር የምትኖርበት ክፍል በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ነው፤ ከላይ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያው ይንኳኳል። ታላቂቱ የሰው ልብስ እየተኮሰች ትኖራለች። በክፍሉ ውስጥ በተዘረጋው ገመድ ላይ የተተኮሱ ሸሚዞች እጃቸውን አውርደው ተሰልፈዋል፤ በሸሚዞቹና በግድግዳው መካከል በቀረችው ስፍራ አንድ አልጋና አንድ ወንበር አለ። ቀማሚዋ በአልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። የፊቷ ቀኝ ግማሽ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ የቀረው ዐይኗ ለሁለት የማየት ድካም ይታይበታል። ታላቂቱ ከካውያዋ ቀና ሳትል፣ «መምህር በአካል መጡ። ምነው፣ ያልታረመ ደብተር ቀርቶ ነው?» አለች።

«ተይ አንቺ» አለች ቀማሚዋ። «ይቀመጡ፣ መምህር።»

መምህርቷ ተቀመጡ። መጠየቅ የመጡበትን ነገር በቀጥታ መጠየቅ ልማዳቸው ነበርና ስለ ጤናዋ ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ከየትኛው በርሜል ነበር የቀዳሽው?» አሉ። ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። ቀማሚዋ እጇን አየች፤ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል መዳፏን ገለበጠችው። «እጄ ከቀኙ ነው ይለኛል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለዩሪያ ወደ ግራ ዞሬ አላውቅም። ግን ልጅዎ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ፣ ‹ከግራው ስትቀጂ በዐይኔ አይቼሻለሁ› አለኝ። አየሁሽ ሲለኝ ምን እላለሁ? እሱ ሁለት ዐይን አለው፤ እኔ ያኔ አንድም አልነበረኝም።» መዳፏን መልሳ ደፋችው። «ትላንት ሻይ ላይ ስኳር ስጨምር ሦስት ጊዜ ቀመስኩት። ጨው እየመሰለኝ። ከዚህ በኋላ ማን ያሠራኛል፣ መምህር? ቀማሚ እጇን ካላመነች ምን ቀራት?»

ታላቂቱ ካውያውን ከሸሚዙ አነሣች፤ ከአንገትጌው ላይ ቡናማ ቅርጽ ቀርቶ ነበር። «ሐኪሙ ዐይኗ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ይጠፋል ብሏል። ጥፋቱ የእሷ ነው ተብሎ ከተጻፈ ግን መድኑም አይከፍል፣ ባለ ሳሙናውም አይከፍል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተጠርተን እዚያ ልንቆም ነው፤ ጥፋተኛ ናት ሲባል ልትሰማ። እርስዎም ይመጣሉ?»

«እኖራለሁ» አሉ መምህርቷ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልሰጡም። ተስፋ መስጠት እዳ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

ሲመለሱ በእግራቸው መጡ። መንገዱ ተቆፍሮ በአንድ ወገን ብቻ ያሳልፍ ስለ ነበር ከሚመጣው ሰው ጋር እየተጋፉ ሄዱ፤ በየእርምጃውም ለልጃቸው የሚናገሩትን ያስተካክሉ ነበር። «አይቼሻለሁ» የምትለው ቃል ከሁሉ ይልቅ አቃጠለቻቸው። ሰውን መውቀስ አንድ ነገር ነው፤ የታመመን ሰው በገዛ እጁ ላይ ማስነሣት ግን ሌላ ነው። ልጃቸውን በልጅነቱ ውሸት ሲናገር ሳይመቱት፣ ሳይጮኹበት፣ እውነቱን እስኪያወጣ ድረስ ፊቱ ቁጭ ብለው ይጠብቁት ነበር። ይህ ሁሉ ጥበቃ ፍሬው ይህ ነውን? ቀጥ ያለ ሰው ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ቁጣው ደግሞ ጣፋጭ ነው፤ መምህርቷም ያን ጣፋጭነት እያላመጡ ስድስት ሰዓት ላይ ቤታቸው ደረሱ።

ልጁ ሳሙና ለማድረስ ወጥቷል፤ ምራቲቱ ከፊት በኩል ባለችው ሱቅ ትሸጣለች። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአደጋው ወዲህ ከምስማሩ ወርዶ በልጁ የሥራ ካፖርት ኪስ ውስጥ ይውላል፤ ከዚያ አወጡት። በሩን ሲከፍቱ አፍንጫን የሚወጋ፣ ሳይጠረግ የዋለ ሽንት ቤት የመሰለ ሽታ ተቀበላቸው። ሽታውን ዐወቁት፤ ዩሪያ ከሶዳ ጋር ሲገናኝና እርጥበት ሲያገኘው የሚያወጣው ነው። ማንኪያዋን ከምስማሯ አውርደው ውኃ ያዙባት፤ በመጀመሪያ ከግራው በርሜል ቁንጥር ጨመሩ። ጣታቸውን ጀርባዋ ላይ ሲያደርጉ ትኩስ ነበር፤ እንደሚገባው። ማንኪያዋን አጠቡ፤ ውኃ ለወጡ፤ ከቀኙ በርሜል ከላይ ካለው ፍሬ ቆነጠሩ። ማንኪያዋ ሞቀች። ጣታቸውን አንሥተው መልሰው አኖሩ፤ ይበልጥ ሞቀች። ከዚያ ጓንት አጥልቀው እጃቸውን በቀኙ በርሜል ውስጥ እስከ ክንዳቸው አስገቡና ከጥልቁ አንድ ጭብጥ አወጡ፤ ከዚያ የተቆነጠረው ማንኪያዋን እንደ በረዶ አደረጋት።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። በበርሜሉ ሥር ያለው ዩሪያ ነው፤ በላዩ ሶዳ ተገልብጦበታል። ቀማሚዋ የቀዳችው ከቀኙ፣ ከሚገባት ስፍራ ነው። እጇ አልዋሸም።

«እማማ።» ምራቲቱ በበሩ ላይ ቆማለች፤ የሱቁን ሽርጥ አላወለቀችም። «እኅትዎ ዘንድ አልሄዱም?»

«ይህን ሶዳ በዩሪያው ላይ የገለበጠው ማን ነው?»

ምራቲቱ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ሱቁ አየች።

«ባልሽ ነው?»

«እሱ በአደጋው ዋዜማ እሑድ ዘይት ሊያመጣ ሄዶ አልነበረም? በማታ አይደል የገባው?»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ይህን በር ከፍቼ ከገባሁ ዓመት አልፎኛል። ሽታው ያመኛል ብዬ እርስዎ ራስዎ አይደሉም የከለከሉኝ?»

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ መምህርቷ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ግን ድምፃቸው በመካከል ቀጠነ። ምራቲቱ መሬት መሬት ታይ ነበር። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ ይተዉት» አለች። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከእሷ ሰምተው አያውቁም ነበርና መልሱ ይኸው መሆኑን ተረዱ።

ያን እሑድ ከአዲስ ነጋዴ የመጡ የሶዳና የዩሪያ ጆንያዎች ነበሩ። ሁለቱም ነጭ፤ ጽሕፈታቸውም ደቃቅ። መምህርቷ መነጽራቸውን ጠርገው አዩ፤ ፊደላቱ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሱ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደቃቅ ጽሕፈት ሁሉ እንዲህ ሆኖባቸው ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገሩም። ምራታቸውን ጠርተው «አንብቢልኝ» ማለት ቀላል ነበር፤ አላሉም። እጃቸውን ሰደው ፍሬውን ዳሰሱ፣ ዩሪያ ነው ብለው ፈረዱና በቀኙ በርሜል ገለበጡት። ማንኪያዋ በክንድ ርቀት ላይ ተሰቅላ ነበር። አላወረዷትም። ሕጉን ያወጡት ለሌሎች ነበር፤ ለሚሳሳቱት።

«መቼ ዐወቃችሁ?» አሉ።

«የዚያኑ የአደጋው ዕለት ማታ። ባዶው የሶዳ ጆንያ በቀኙ በርሜል ሥር ነበር፤ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ። ከእርስዎ በቀር ጆንያ እንደዚያ የሚያጥፍ ማን አለ?» ሽርጧን በእጇ ጨብጣ ነበር። «እሱ ያን ጆንያ ይዞ ደጃፉ ላይ ሲያለቅስ ነው ያገኘሁት። በዚህ ዕድሜዋ ቢከሷት ትሞትብኛለች አለ። ለእርስዎ ብሎ ነው፣ እማማ። እርስዎ ዝም ካሉ ማንም አያውቅም፤ አሁን ማታ በርሜሉን ያስወግደዋል።»

መምህርቷ ማንኪያዋን አጥበው በምስማሯ መለሷት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ጀርባቸው ወንበሩን ሳይነካ፣ ምሳም ሳይቀምሱ ተቀመጡ። በመንገድ ላይ ለልጃቸው ያሰናዱት ንግግር ሁሉ አሁን ባለቤቱን ዐውቆ ወደ ራሳቸው ዞረ። አንድ ጊዜ ዝም ለማለት አሰቡ። ይህንም ማሰባቸውን አልካዱም፤ ለዚያች ሴት ሕክምናዋን በስውር ቢከፍሉላትስ? ያላቸው ግን ጡረታ ነው፤ ደግሞም ዐይኗን ቢያድኑላት እጇን በምን ይመልሱላታል?

ልጁ ተቆጣጣሪውን አስከትሎ ሲገባ እናቱን አይቶ በሩ ላይ ቀዘቀዘ። ተቆጣጣሪው አጭር፣ ሙቀት ያደከመው ሰው ነበር፤ ከክንዱ ሥር ካለው ፋይል አንድ ቅጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ብዙ ጊዜ አይፈጅብንም፤ አንዲት ቅጽ ናት» አለ። ከኋላው ቀማሚዋ በእኅቷ ክንድ ተመርታ ገባች፤ ወንበር ተሰጣት፤ እኅቷ ግን ቆመች። ምራቲቱ ውኃ አቀረበች፤ ማንም አልጠጣም።

«እማዬ ትንሽ አሟታል» አለ ልጁ፤ «ገብታ ትረፍ።»

«አላመመኝም» አሉ መምህርቷ፤ ተነሥተውም ቆሙ። ለተቆጣጣሪው ሁሉን በተራ ነገሩት፦ ሶዳ ሙቀት እንደሚሰጥ፣ ዩሪያ እንደሚወስድ፣ በርሜሎቹ የቱ በየት እንደ ሆኑ፣ እሑድ ያደረጉትን፣ ዐይናቸው ከዓመት ወዲህ ደቃቅ ጽሕፈት እንደማያነብ፣ ማንኪያዋን እንዳልነኳት። «በርሜሉ አሁንም በስፍራው ነው፤ ሄደህ በገዛ ጣትህ መርምር። እሷ የቀዳችው ከሚገባት በርሜል ነው። መነጽሯን ያወለቀችው እኔ ባወጣሁት ደንብ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ዐረፍተ ነገራቸውም አልተሰበረም። ተቆጣጣሪው ቀስ ብሎ ጻፈ። ምራቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ቀማሚዋ ፊቷን ወደ መምህርቷ አዞረች። ግራ እጇ ቀኝ እጇን ይዞ ነበር። ከዚያ፣ «መቼ ነው ያወቁት፣ መምህር?» አለች።

«ዛሬ። ስድስት ሰዓት ላይ።»

«ልጅዎስ?» አለች። «እሱ መቼ ዐወቀ?»

መምህርቷ የራሳቸውን ኃጢአት ቆመው፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ተናግረዋል፤ እውነቱን ለመናገር፣ በንግግራቸው ውስጥ ጥቂት ኩራት አልጠፋም ነበር። ይህኛው ግን እንደዚያ አልወጣ አላቸው። አላውቅም ቢሉ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያስተባብላቸው አልነበረም። ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ከኋላው መስኮት ስለ ነበረ ፊቱ ለዐይናቸው ጥላ ብቻ ነው። ጥላው ግን ጀሪካን የተሸከመ ያህል ትከሻው ወርዶ ነበር።

«እሱ እዚህ አለ» አሉ። «ራሱን ጠይቂው።»

«እማዬ...»

«እኔ አይደለሁም የጠየቅኩህ።»

ከዚያ ፊቱ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ፤ አንድ ነገር ሊል አሰበና ተወው። ከደጅ ሰው ሳሙና ፈልጎ ሱቁን አንኳኳ፤ የሚከፍት አጥቶ ሄደ።

«የዚያኑ ማታ» አለ ልጁ በመጨረሻ። «ሆስፒታል ከመምጣቴ በፊት።»

«አይቼሻለሁ ያልከኝስ?»

«አላየሁሽም።»

ቀማሚዋ ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀች። ቀኝ እጇን ከግራው አላቅቃ በጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ተቆጣጣሪው የመጨረሻዋን ቃል ጽፎ፣ በቅጹ ላይ ስፍራ እንዳልቀረ ሲያይ ወረቀቱን ገለበጠና በጀርባው ቀጠለ።